የአቴንስ ዋጋ

ዓሣ አልወድም። ሽታውን አልወድም፣ እሾሁን አልወድም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተጠብሶ ሳህን ላይ ከቀረበ በኋላ እንኳን ዓይኑን አፍጥጦ የሚያየኝን ምግብ አልወድም። እንዲህ የምል ሴት በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት የዓሣ ዋጋ ስመዘግብ አራት ዓመት መክረሜን ሳስበው ራሴን እታዘበዋለሁ።

ሥራዬ ሽማግሌ መርዳት ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አቅም የከዳቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየሄዱ ማብሰል፣ ማጠብ፣ መድኃኒት ማስታወስ የብዙዎቻችን ሴቶች መተዳደሪያ ነው፤ ክፍያው ከመንግሥት ይመጣል፣ ጭቅጭቁ ከሽማግሌው። የእኔው ሽማግሌ ፓልምስ ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሚስታቸውን የቀበሩ፣ አንድ ልጃቸው ሌላ ስቴት የምትኖር፣ ሰማንያን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ፊት ለፊት ያለው ነገር ጠፍቶባቸው ዳር ዳሩ ብቻ ነው የሚታያቸው። ስለዚህ ሰው ሲያናግሩ ወደ ጎን ዞር ይላሉ፤ የማያውቃቸው ሰው ያኮረፉት ይመስለዋል። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸው ደስ ሲላቸው ልጄ፣ ሲናደዱ አንቺ ሴት ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ አንቺ ሴት ሆኜ ነው የከረምኩት።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከሰላምታ በፊት የጠየቁኝ፣ "ቁጥር አጥርተሽ ትጽፊያለሽ?" ብለው ነበር።

"ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት ምግብ ልሠራልዎት፣ አፖይንትመንት ሲኖርዎት ድራይቭ ላደርግዎት ነው" አልኩ። ቱግ ማለት ልማዴ ነው።

"ኦኬ። ቁጥርስ?"

"እጽፋለሁ!"

"ጥሩ። ሶ ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ትመጫለሽ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ በወጣትነታቸው ለትምህርት ጣሊያን ተልከው ነበር። ያን ጊዜ አገራችን የራሷ ባሕር ነበራት፤ እሳቸውም የዓሣ ንግድ ተምረው፣ ተመልሰው ቀይ ባሕር ላይ ሊሠሩ ነበር። አስተማሪያቸው አንድ ዓሣ መርጦ የዚህን ዓሣ ዋጋ በየአውሮፓው አገር እየተከታተልክ እንዴት እንደሚለዋወጥ አጥና አላቸው። ጥናቱ ግማሽ ሳይደርስ አገር ተገለባበጠ፣ የትምህርቱ ገንዘብ ተቋረጠ፣ መመለሻውም ተዘጋ። ሎስ አንጀለስ መጡና ሚድ ዊልሻየር ካለ ትልቅ ሕንፃ ሥር የሰው መኪና ሲያቆሙ ኖሩ፤ በኋላም የፓርኪንጉ ኃላፊ ሆነው ጡረታ ወጡ። ባሕሩም ሄደ፣ ትምህርቱም ሄደ፤ ዓሣው ግን አልለቀቃቸውም።

ዓሣው በዓይኖቹ መካከል ወርቃማ መስመር ያለው፣ ብርማ መልክ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ጣሊያኖች ኦራታ፣ ግሪኮች ጺፑራ ይሉታል። በአማርኛ ስም ይኑረው አይኑረው እንጃ። እኛ ቤት "ዓሣው" ብቻ ነው የሚባለው፤ በዓለም ላይ ሌላ ዓሣ ያለ አይመስልም።

ይህ ዓሣ ሁለት ዓይነት ነው ይላሉ ጋሼ። አንዱ በራሱ እየዋኘ አድጎ በመረብ ወይም በመንጠቆ የተያዘው ነው፤ እሱን "የባሕሩ" እንለዋለን። ሌላው ባሕር ዳር በተዘረጋ ትልቅ ቅርጫት መሰል መረብ ውስጥ እየተቀለበ የሚያድገው ነው፤ እሱ "የርባታው" ነው። የርባታው ገበያውን ሲያጥለቀልቅ፣ እነ ግሪክና ቱርክ በየሳምንቱ ያን ሁሉ ዓሣ ሲያወርዱ፣ የባሕሩ ዋጋ አብሮ ይወድቃል ያለ ብዙ ሰው ነበር። ጋሼ አይወድቅም ብለው ተከራከሩ። ርካሹ ሲበዛ የባሕሩን የሚያውቅ ሰው የባሕሩን የበለጠ ይፈልገዋል። ነገር ግን በሁሉም አገር እኩል አይደለም። ጣሊያንና ስፔን ውስጥ ገዢው ጉሮሮውን ገልጦ፣ ሆዱን ተጭኖ፣ ዓሣውን ከየት እንደመጣ ጠይቆ ስለሚገዛ የሁለቱ ዋጋ ከዓመት ዓመት እየተራራቀ ይሄዳል። ዓሣው ተቆርጦና ተጠቅልሎ በሚሸጥበት አገር ግን ማን ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ስለሌለ ልዩነቱ ይጠባል። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ሲያስረዱኝ አይብ በጎመን እየሠራሁ፣ እህ እያልኩ ነበር የምሰማው። በኋላ በኋላ ሳላስበው ገባኝ፤ ከገባኝ በኋላ ደግሞ ራሴም ተከራካሪ ሆንኩ።

"ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አያገኙትም እንዴ?" ብያቸው ነበር አንድ ቀን።

"ኢንተርኔቱ አማካዩን ነው የሚነግርሽ" አሉ። "አማካይ ደግሞ ገዝቶ የበላ ሰው የለም።"

ስለዚህ ዋጋውን የሚያመጣላቸው ሰው ነው። ሮም አብሮ አደግ ጓደኛቸው አለ። ማርሴይ አንድ ባልና ሚስት አሉ። ሊዝበን የክርስትና ልጃቸው አለች። እያንዳንዳቸው ቅዳሜ ጠዋት ሁልጊዜ ወደ አንድ ገበያ ሄደው፣ የባሕሩ በኪሎ ስንት እንደሆነ፣ የርባታው ስንት እንደሆነ ጠይቀው ይመጣሉ። እነሱ ሊመሽባቸው ሲል እዚህ ይነጋል፤ እኛም እንደውላለን። የሮሙ ሰው ስለ ሽንት ፊኛውና ስለ ጣሊያን መንግሥት ግማሽ ሰዓት ካላወራ ዋጋ አይናገርም። ማርሴዮች ትክክለኛው ዋጋ የትኛው ሻጭ ጋ ያለው እንደሆነ እዚያው ስልክ ላይ ይጣላሉ። የሊዝበኗ ከዋጋው ይልቅ መሳሙን ታስቀድማለች።

አቴንስ ግን አንድ ደቂቃ አትፈጅም።

"የባሕሩ ይሄን ያህል" ትላለች የሴት ድምፅ። "የርባታው ይሄን ያህል። በቃ።"

"እሺ፣ አመሰግናለሁ" ይላሉ ጋሼ። ስልኩ ይዘጋል።

ግማሽ ዓመት ያህል ደመወዝተኛ መስላኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ አልቻልኩም፤ "ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው? ሰላም ማለት ገንዘብ ያስከፍላል እንዴ?" አልኩ።

"እህቴ ናት" አሉ ጋሼ፤ ፊታቸውንም ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ተከፈተ። ለካ ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ሳልደርስ የሚላጩት ለሮም አይደለም። ለማርሴይ ጋደም ብለው ያወራሉ፤ አቴንስ ጋ ሲደርሱ ግን ተነሥተው ይቀመጣሉ፣ ሸሚዛቸውን ያስተካክላሉ፣ ስልኩንም በሁለት እጃቸው ይይዛሉ። ለዚያች ለአንድ ደቂቃ። አንጀቴን በሉት። በዚህ ዕድሜ ወንድምና እህት ሆነው የዓሣ ዋጋ ብቻ የሚነጋገሩበት ምን ዓይነት ጥል ቢሆን ነው ብዬ አስብ ነበር። መጠየቅ ግን ከበደኝ፤ እኔ እንኳን የማልደፍረው ነገር አለ።

ዋጋው ተመዝግቦ ሲያልቅ ፌርፋክስ ወዳለው የሐበሻ ካፌ እወስዳቸዋለሁ። ቅዳሜ ፌርፋክስ ላይ ፓርኪንግ ማግኘት ሎተሪ ነው፤ ሦስቴ ዞሬ፣ አራት ሰው ሰድቤ፣ ጋሼን ካፌው በር ላይ አወርዳቸዋለሁ። እዚያ ሦስት ጓደኞቻቸው ይጠብቋቸዋል፤ አንዱ ጡረታ የወጣ ታክሲ ነጂ ነው፣ ሁለቱ በተማሪነት የመጡና የቀሩ ናቸው። "የዓሣ ሚኒስትሩ መጡ" ይላል ታክሲ ነጂው ገና ከሩቅ፤ "ባሕር የሌለው አገር ሚኒስትር! እህስ፣ ዛሬ ዓሣው ምን አለ?" ጋሼም ወንበራቸውን አስተካክለው የሳምንቱን ሁኔታ ያስረዳሉ። ይሥቁባቸዋል እንጂ ሳይሰሙ አይሄዱም።

ዘንድሮ ሆሳዕና ዋዜማ ላይ ነው ነገሩ የተጀመረው።

ግሪኮች እንደኛው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ትንሣኤንም ከእኛ ጋር ነው የሚያከብሩት። በሁዳዴ ዓሣ አይቀምሱም፤ ሆሳዕና ሲደርስ ግን ይፈቀድላቸዋል። ስለዚህ በሆሳዕና ዋዜማ አቴንስ ውስጥ የባሕሩ ዓሣ ዋጋ ጣራ ይነካል። ይህን መጀመሪያ ስሰማ፣ "በሆሳዕና? እኛ ዘንባባ ስናስር እነሱ ዓሣ ይጠብሳሉ?" ብዬ ጋሼን እሳቸው ራሳቸው የፈቀዱላቸው ይመስል ተቆጥቻቸው ነበር። በየዓመቱ የአቴንስ ዋጋ በዚያ ቅዳሜ ሲዘል እኔው ራሴ ጽፌዋለሁ።

ዘንድሮ አልዘለለም። እህትየው እንደ ወትሮው፣ "የባሕሩ ይሄን ያህል፣ የርባታው ይሄን ያህል፣ በቃ" አለች፤ ያለፈው ሳምንት ዋጋ ነው ማለት ይቻላል። ጋሼ ግራ ገባቸው። ፋሲካ አለፈ። ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ ሥጋ ላይ ሲረባረብ፣ የአቴንስ ዋጋ ድንገት ጣራ ነካ።

ጋሼ እንደዚያ ቀን ተደስተው አይቻቸው አላውቅም።

"ልጄ!" አሉ። "ገባሽ? የባሕሩ ዋጋ ከበዓል ተላቀቀ ማለት ነው! ሰው ለበዓል ብሎ አይደለም አሁን የሚገዛው። ለራሱ ለዓሣው ብሎ ነው! ግሪክም እንደ ጣሊያን እየሆነች ነው!"

ፌርፋክስ ሄደው ይህንኑ ዐወጁ። "በፋሲካ ማግስት ዓሣ የሚገዛ ሰው ካለ ዓሣ ሻጩ ራሱ ነው" አለ ታክሲ ነጂው፤ ሣቁ። ጋሼ ግን አልተበገሩም፤ በወጣትነታቸው ወደ ተማሩበት ትምህርት ቤት ደብዳቤ እጽፋለሁ አሉ። ግማሽ የቀረውን ጥናት በዚህ ሊጨርሱት ነው። ሰኞ እንድጽፍላቸው ተቀጣጠርን።

እሑድን ክሬንሾው ሰፈር ቤቴ ተቀምጬ ልብስ ሳጥፍ ዋልኩ፤ ልቤ ግን አላረፈም። ሰኞ ጋሼ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ ያምናውን መዝገብ አወጣሁ። በራሴ እጅ የተጻፈ ነው። የአቴንስን ዓምድ ከዘንድሮው ጋር ጎን ለጎን አደረግሁት።

አንድ ነው። ሳንቲሙ ሳይቀር አንድ ነው። አምና ሆሳዕና የዋለው ከዘንድሮው ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ነበር፤ ዋጋውም የዘለለው ያኔ ነው። ወደ ኋላ ቆጠርኩ፦ ጥር፣ ታኅሣሥ፣ ኅዳር፤ እስከ መስቀል ማግስት ድረስ የዘንድሮው ዋጋ የአምናው ግልባጭ ነበር። ሴትዮዋ የራሷ መዝገብ አላት። ሰባት ወር ሙሉ ያምናውን እያነበበች ነበር የምትሰጠን፤ ሆሳዕና ግን ቀኑን እንደሚለውጥ ረስታዋለች።

ደሜ ፈላ። ዓይናቸው የማያይ ሰው ለዚህ ውሸት በየቅዳሜው ይላጫሉ? የስልክ ቁጥሯን ከጋሼ ስልክ ወሰድኩና በማግስቱ ጠዋት ቤታቸው ሳልገባ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ደወልኩ። ልነግራት የተዘጋጀሁትን ስድብ እንኳን ደርድሬው ነበር።

"እኔ የወንድምዎ ረዳት ነኝ፣ ከሎስ አንጀለስ" አልኩ።

"ምን ሆነ?" ብላ ጮኸች። "ምን ሆነብኝ? ሞተ?"

ስድቡን ተውኩት። "ኧረ አልሞቱም! ደኅና ናቸው፣ እትዬ። ደኅና ናቸው።" ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅሁ። ከዚያ ሌላ መጀመሪያ ስላጣሁ፣ "የዘንድሮ ሆሳዕና ካምናው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነው የዋለው" አልኳት። "እርስዎ ግን ያምናውን ሆሳዕና ነው የነገሩን።"

ቀጥሎ የሰማሁት ሣቅ ነው፤ የደከመ፣ ግን እውነተኛ ሣቅ። "አይ እኔ! ሆሳዕናን! አልጋ ላይ የተጣለ ሰው ሆሳዕና መቼ እንደዋለ በምን ያውቃል ብለሽ ነው?"

ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ዋጋ ልትጠይቅ ዓሣ ገበያው ገብታ፣ ከበረዶው በፈሰሰ ውኃ ተንሸራትታ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና አደረጉላት፤ አልያዘም። ሁለተኛ ትሄጃለሽ ብሎ የነገራት ሐኪም የለም። ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃት አንዲት ጎረቤት ጠዋትና ማታ እየመጣች ታበላታለች።

"ለምን አልነገሯቸውም?"

"ምን ብዬ? እኔና እሱ የምንነጋገረው ስለ ዓሣ ብቻ ነው። ገበያ መሄድ አቆምኩ ካልኩት ደግሞ ምን ብሎ ይደውላል?"

እሷም ከተጀመረ ላይቀር ብላ ነው መሰለኝ፣ ያልጠየቅኋትን ነገረችኝ።

እናታቸው አገር ቤት ስትሞት እሷ ወጣት ነበረች፤ አቴንስ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ፣ እዚያው እያደረች ትሠራ ነበር። ጋሼ ወሬውን ቀድመው ሰሙ። እንደኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ ይሄዳል፣ ሲነገራት የሚይዛት፣ አብሯት የሚያለቅስ ይኖራል። ጋሼም ሰው እስኪገኝ ማንም እንዳይነግራት ብለው ያገሩን ሰው ሁሉ አስማሉ። የሚሄድ ሰው ግን አልተገኘም። አንዱ ወረቀት የለውም፣ አንዱ ፈቃድ የለውም፣ ጋሼ ራሳቸው ከአሜሪካ ቢወጡ መመለሻ የላቸውም። ዛሬ ነገ ሲባል ዓመት አለፈ።

"ለገና ነጠላ ገዝቼ ላክሁላት" አለች እህትየው። "ለሞተች ሴት ጥለቱን እያማረጥኩ። አንድ ቀን አውቶቡስ ስጠብቅ ያገሬ ሴት አገኘችኝና፣ እናትሽን ነፍስ ይማር አለችኝ። የማውቅ መስሏት ነው። ከዚያ አውቶቡሷ መጣና ሄደች። እኔ እዚያው ፌርማታ ላይ ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። የሰው ቤት ነው፤ ማልቀስ እንኳን አልቻልኩም፤ ገብቼ ሰሃን አጠብኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ወንድሜ አፍ አውጥቶ እናታችን ሞተች ብሎኝ አያውቅም።"

ከዓመታት በኋላ የሮሙ ሰው ሊያስታርቅ ሞክሮ፣ ለወንድምሽ ጥናት የአቴንስ ዋጋ ጎድሎታል አላት። ዋጋውን እነግረዋለሁ፣ ሌላ ነገር ግን አልነጋገርም አለች። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ቅዳሜ።

"እንዳትነግሪው" አለችኝ ልትዘጋ ስትል። "በሞቴ!"

"እሺ" አልኩ። ምን ልበል?

እኔንም ደብቀውኛል። አባቴ ሲሞት ሦስት ሳምንት አላወቅሁም። ግን አንድ ጠዋት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሰባት ሴቶች በሬን አንኳኩ። አንዷ የሥራ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ነበር። ሰባቱን በር ላይ ሳያቸው ማንም ሳይናገር ገባኝ፤ ስወድቅም የያዘኝ እጅ ነበር። ያኔ ለምን ደበቃችሁኝ ብዬ ሰድቤያቸዋለሁ፣ አንዷን እንዲያውም ነክሻታለሁ። ቢሆንም ሰባት ነበሩ። ያቺ ሴት ግን ፌርማታው ላይ አንድም ሰው አልነበራትም። አሁን ደግሞ እሷም ደበቀች፤ እኔም ሦስተኛ ደባቂ ልሆን ነው። ለማሰብ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እኔ ሦስት ቀን ምሥጢር ይዤ አላውቅም።

ዐርብ ዕለት ጋሼ ለትምህርት ቤቱ የሚላከውን ደብዳቤ ማስጻፍ ጀመሩ። ከሰኞ ጀምሮ አንዴ ራሴን አመመኝ፣ አንዴ ሱቅ እሄዳለሁ እያልኩ ስሸሽ ነበር። "በግሪክ የባሕሩ ዓሣ ዋጋ በቅርቡ ያሳየው ለውጥ" እስከሚለው ጻፍኩ፤ ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት።

"ጋሼ፣ የአቴንሱን አይላኩ።"

"ለምን?"

ነገርኳቸው። ሆሳዕናውን፣ መዝገቡን፣ የገበያውን ውኃ፣ ዳሌዋን፣ ሁሉንም። ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ሰሙኝ፤ በጎን ስለሆነ የሚያዩት፣ ትክ ብለው እያዩኝ ነበር ማለት ነው።

"አንቺ ሴት" አሉ በመጨረሻ። "ማን ደውይ አለሽ?"

"ማንም አላለኝም።"

"መሄድ አትችልም?"

"አትችልም፣ ጋሼ።"

"ለእኔ ዋጋ ልትጠይቅ ገብታ?"

ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብለው አራት ላይ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ፣ "ማን ያቅፋታል ብዬ ነው" አሉ፤ ያን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ዓሣ ሳይሆን ስለ እናታቸው መርዶ እንደሆነ ገባኝ። "ብቻዋን ነበረች። ሰው እስካገኝ ብዬ ነው። ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ በምን አፌ? ሰምታለች አሉኝ። ከሰማች በቃ አልኩ። ፈራሁ፣ ልጄ። ሌላ ምንም አይደለም፣ ፈራሁ።"

እንባዬ መጣ፤ የተቆጣሁ ለመምሰል ሳህን ማንሳት ጀመርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቤት ውስጥ ኮት ሲለብሱ አይቼ አላውቅም። ሮም ልደውል ስል እጃቸውን አወዛወዙ። "አቴንስ። ስፒከር ላይ አድርጊና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው።"

ደወልኩ።

"የባሕሩ" ብላ ጀመረች፤ እኔ አፌን እንደጠበቅሁ ነው የምታምነው። ያምናውን የዚያን ሳምንት ዋጋ አነበበች። "የርባታው..."

"ከየትኛው ገበያ ነው?" አሉ ጋሼ።

መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ ይሰማ ነበር፤ የእኛ ይሁን የአቴንስ መንገድ እንጃ።

"ከአልጋዬ" አለች።

"ደበቅሽኝ።"

"ካንተ ተምሬ ነው።"

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ይህ ለእኔ ጆሮ አይደለም ብዬ ወደ ኩሽና ልሄድ ስነሣ፣ "ተቀመጪ" አሉኝ፤ "የትም እንዳትሄጂ።" ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ "አጠገብሽ ሰው አለ?" አሏት።

"ለምን?"

"ሰው አለ ወይ ነው የምልሽ።"

"ጎረቤቴ አለች። ራቴን አምጥታ..."

"አልጋሽ ላይ ትቀመጥ። ትያዝሽ።"

የወንበር መንሸራተት ሰማሁ፤ የሌላ ሴት ድምፅ፣ "ምን ተፈጠረ?" ሲል ሰማሁ። ያኔ ነው የገባኝ። ኮቱም ገባኝ፣ ለምን ተቀመጪ እንዳሉኝም ገባኝ። ጋሼ ክንዴን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ። መርዶ ተቀምጦ አይነገርም። ቁመታቸውን አስተካከሉ፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው አዩት።

"እህቴ" አሉ። "እናታችን አርፋለች።"

ከአቴንስ፣ "እማዬን!" የሚል ጩኸት መጣ። የሰባ ምናምን ዓመት ሴት ድምፅ አይመስልም። ጎረቤትየው፣ "አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ" ስትል ይሰማል። ጋሼ ቆመው አለቀሱ። እኔም የማላውቃትን እናት፣ እናቴን እያልኩ ደረቴን መታሁ፤ ሁለት ሰው ብቻውን ለቅሶ አይቀመጥም።

ብዙ ካለቀሰች በኋላ ትንፋሿን ሰበሰበች።

"መቼ?" አለች፤ ገና አሁን እንደሰማች።

"ሐሙስ ጠዋት" አሏት፤ የትናንት በስቲያው ሐሙስ ይመስል።